ሐሙስ ሐሙስ የሚታመም ዕቃ

ኩዌት ውስጥ በሐበሾች መካከል የተጀመረ ፍቅር ሁሉ በእኔ መኪና አልፏል ብል፣ የሚያውቁኝ ሰዎች «ጫኔ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። እሺ፣ ሁሉም አላለፈም። ይሄኛው ግን አልፏል። በኋላ ወንበር ላይ ነው ያለፈው፤ አንዲት ልጅ ነጭ የጌም ማጫወቻ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መስኮቱ በባሕሩ በኩል ገርበብ ብሎ።

ሙባረክ አል-ከቢር ውስጥ በአንድ ቤት ሾፌር ሆኜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጃህራ እስከ ወፍራ ያለው አስፋልት ጎማዬን በድምፁ ይለየዋል። የቤቱን ጌታ ባባ ቃሲም እንለዋለን። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ግን ደሞዝ የሚከፍል ሰው ባባ ነው፣ ልደቱ አይጠየቅም። የአገሩ ሰው ጭልፊት ሲያሳድግና ለበረሃ ድንኳን ሲገዛ፣ ይህ ሰው የሚሰበስበው የከሰሩ የጌም ማጫወቻዎችን ነው። ያሸነፉትን አይፈልግም። ገበያ ወጥተው ሰው ፊቱን ያዞረባቸውን፣ የሠራቸው ፋብሪካ ራሱ በዓመት በሁለት ዓመቱ የተዋቸውን ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ክፍል ሦስት መቶ ያህል ደርድሯል። ሠላሳ ይሆናሉ። አንደኛው ዓይን ላይ ተደግኖ የሚታይ ነው፤ ከቀይና ከጥቁር በቀር ቀለም አያውቅም። አንድ ቀን ሞክሬው ራሴን እስከ ማግስቱ ፈለጠኝ፤ ለምን እንደከሰረ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ነጩ ግን ሌላ ነው። ድሪምካስት ይባላል። ሲበራ ባዶ ነጭ ስክሪን ላይ ብርቱካናማ መስመር እየተጠማዘዘ ይሳላል፤ ፀጥ ያለ ውኃ ውስጥ ጠጠር እንደተጣለ ያለ ድምፅም ይከተለዋል። ባባ ቃሲም ሥራ ውሎ ሲመጣ አንዳንድ ቀን ይህን ብቻ አይቶ ያጠፋዋል። መጫወት አይደለም፣ ማየት ብቻ።

ፈትለወርቅ የዚያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የቡታጅራ ልጅ ናት፤ በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ኮንትራቷን ልትጨርስ አምስት ወር ቀርቷታል። ስትስቅ መጀመሪያ ወደ መሬት ነው የምታየው፤ ሳቋን እዚያ አስቀምጣ ማንም እንዳላየ ካረጋገጠች በኋላ የምታነሳው ይመስላል። ቤት ውስጥ የምትኖር ሠራተኛ ደግሞ እንደ ልቧ አትወጣም። ቆሻሻ ለመጣል፣ ማዳም ስትገበያይ ዕቃ ለመያዝ፤ በቃ። ባሕሩ ከቤታችን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷ ግን በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያየችው።

አንድ ሐሙስ፣ በጥቅምት፣ ሙቀቱ ከሰው ትከሻ መውረድ በጀመረበት ሰሞን፣ ባባ ቃሲም ነጩን ዕቃ ሰጠኝና ፋሐሂል ወስጄ እንዳሠራው አዘዘኝ። ሚስቱ ማዳም ያስሚንም ልብስ ሰፊ ጋ የተቀመጠ ቀሚስ ስለነበራት ፈትለወርቅን አብራኝ ሰደደቻት። ዕቃው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይንገጫገጫል ብዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ነው የጀመረው፤ ከእኔ ብልህነት።

የጥገና ሱቁ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። ባለቤቱ ሕንዳዊ ነው፤ መሣሪያ የሚፈታው ግን ዳግም የሚባል የእኛ ልጅ ነበር። በጽዳት ሠራተኛነት ኩባንያ ተቀጥሮ ነው የመጣው፤ ማህቡላ ውስጥ አንድ ክፍል ለስድስት ሆነው ይኖራሉ። ሱቁን እየጠረገ አይቶ አይቶ ተማረ፤ ዛሬ እሱ የፈታውን ዕቃ የሠራው ፋብሪካ ራሱ እንደ እሱ አይገጥመውም። ይህን እንኳ አላጋነንኩም።

ዳግም ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ዕቃውን ነበር። ቀጥሎ የታቀፈችውን እጆች አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ሲወጣ ጊዜ ፈጀበት።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አላት።

«የእኔ አይደለም» አለች።

«እንደ እናቱ ስለያዝሽው ነው።»

ፈትለወርቅ ወደ መሬት አየች። እኔም በሩ ላይ የተሰቀሉ ገመዶችን ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ገመድ አልፈልግም።

ዳግም ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ ገጠመና አበራው። ብርቱካናማው መስመር ተጠማዘዘ። ከዚያ ማሽኑ ቀኑን ጠየቀ። ዳግም እንዳስረዳት፣ ውስጡ ሰዓት የሚጠብቅለት ትንሽ ባትሪ አለ፤ እሱ ደክሟል። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ብቻ አያውቅም። በነቃ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቢነግሩትም እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚያስታውሰው።

«ማዳምም እንደዚሁ ናት» አለች ፈትለወርቅ። «የዕረፍት ቀኔን በየሳምንቱ እንደ አዲስ ነው የምነግራት።»

ልጁ ሳቀ። ጆይስቲኩን ዘረጋላትና ቀኑን እሷ እንድትነግረው ጠየቃት። እሷም ቁልፉን ቀስ እያለች ተጫነች፦ ወር ሁለት፣ ቀን አሥራ አራት፣ ዓመት ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ጥቅምት አሥራ አራት። በእኛ አቆጣጠር። ስትጨርስ ነው የነቃችው፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ማሽኑ ግን ምንም አላለም። እሺ ብሎ ተቀበላት።

«ተይው» አላት ዳግም፣ ልታስተካክል ስትል። «በሰባት ዓመት ልጅ አደረግሽው። ማን ይጠላል?»

ስንመለስ ባሕሩ በቀኛችን ነበር። አቧራና ጭጋግ ተቀላቅሎ ውኃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚገናኙ አይታይም፤ በስተደቡብ የነዳጁ እሳት ብቻ እንደ ተንጠለጠለ ሻማ ይበራል። ማህቡላ ስንደርስ ፈትለወርቅ ከእነዚያ ሁሉ ፎቆች የልጁ የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። እጄ ያረፈበትን ፎቅ አሳየኋት። መኪናዋ እስክታልፈው ዓይኗን አላነሳችም።

ያን ምሽት በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ ምርጡን ዋሸሁ። ለባባ ቃሲም፣ ባለሙያው ዕቃው ሐሙስ ሐሙስ ክትትል ያስፈልገዋል ብሏል፣ እንደ ሕፃን ክትባት ነው፣ በዚያ ላይ መንገድ ላይ ነቅነቅ እንዳይል ለስላሳ እጅ ይያዘው ተብሏል አልኩት። ባባ ቃሲም ረጅም ጊዜ አየኝ። «ጠይብ፣ ያ ጫኔ» አለና፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። በብልሃቴ እየተደነቅኩ ተኛሁ።

እንዲህ ሆኖ ነጩ ዕቃ ሐሙስ ሐሙስ ይታመም ጀመር።

እኔ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እነሱ ውስጥ ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ብዙም አያወሩም ነበር። ዳግም ቪስ ይፈታል፣ እሷ ቪሶቹን በመዳፏ ትቀበላለች፤ አንዲት ቪስ ከጣቱ ወደ መዳፏ ለመውደቅ የምትፈጀውን ጊዜ ብታዩ፣ ከፋሐሂል ኩዌት ከተማ መሃል ድረስ በእግር ይደረስበታል። ቀኑን ሁልጊዜ የምታስገባው እሷ ናት፤ ሁልጊዜም በእኛ። አንድ ጊዜ ጳጉሜን ሲመጣ ምን ልታደርጊ ነው አላት፤ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ያኔ በደንብ ይታመማል አለችው።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ነው፣ ይህን የመሰለ ዕቃ እንዴት ሊከስር ቻለ ብላ የጠየቀችው። ዳግም ሥራውን አስቀመጠ። እንደነገራት ከሆነ ዕቃው ምንም አልጎደለውም። ከእኩዮቹ ቀድሞ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ያገናኝ ነበር፤ ሥዕሉም በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ችግሩ፣ ያው ኩባንያ ከዚያ በፊት ባወጣቸው ዕቃዎች ሰው ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ አንዴ የተከፋ ገዢ በሁለተኛው አይቸኩልም። ከዚያ ደግሞ ተፎካካሪው የእኔ እየመጣ ነው፣ የእኔ ፊልምም ያሳያል ብሎ አስወራ። ሰው ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ተቀመጠ።

«ሳይመጣ?» አለች።

«ገና ሳይመጣ። ይሄኛው መደርደሪያ ላይ ቆሞ እያዩት፣ ያልመጣውን ጠበቁ።»

«የጠበቁትስ መጣ?»

ልጁ ውሸት አያውቅም፤ እኔ ብሆን የምመልሰውን አውቃለሁ። «መጣ» አላት። «በጣም ጥሩ ነበር።»

ፈትለወርቅ መዳፏ ላይ ያሉትን ቪሶች አንድ በአንድ እየነካካች፣ ወንድሟ ሀብተማርያም አገር ቤት ያጨላት ሰው እንዳለ ነገረችው። ሰውየው ገልባጭ መኪና አዟል፤ መኪናው እንደደረሰ ይሠርጋሉ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። በየጊዜው ሲጠየቅ መርከብ ላይ ነው ይባላል። በመጋቢት ኮንትራቷን ጨርሳ ስትገባ ግን፣ መኪናው መጣም አልመጣም፣ ቃሏን እንድትሰጥ ይጠብቋታል።

ያን ጊዜ ዳግም መናገር ነበረበት። ደጅ ሆኜ በሻዬ ብርጭቆ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁለት። አልተናገረም። በኋላ ለብቻው ይዤ ስወቅሰው፣ «ጋሽ ጫኔ፣ በስድስት ሰው ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ነው ያለኝ» አለኝ። «ምን ይዤ ነው ከመኪና ጋር የምወዳደረው?»

በታኅሣሥ ፈትለወርቅ ካርጎ ልትልክ ተነሳች። እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ አልጋው ሥር ካርቶን አለው፤ ልብስ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ እየተጠራቀመበት ይሞላና ወደ ቤት ይላካል። እሷ ለእናቷ ስድስት ኢስቲካና ገዝታ ነበር፤ የኩዌት ሰዎች ሻይ የሚጠጡባቸው ወገባቸው የቀጠነ ትናንሽ ብርጭቆዎች። እንዳይሰበሩባት ስትጨነቅ ባባ ቃሲም ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ባዶ ካርቶን አየች። ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ የተቀረጸ ወረቀት አለበት፤ ለብርጭቆ ብለው የሠሩት ይመስላል። ዕቃው መደርደሪያው ላይ፣ ካርቶኑ ባዶ። እዚያ ቤት ባዶ ካርቶን በየቀኑ ነው የሚጣለው። ኢስቲካናዎቹን ሰካካችበት፣ ትልቁ ካርቶን ውስጥ ከተተችው፤ ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የእኔን ቋጠሮ የፈታ የጉምሩክ ሠራተኛ እስካሁን አልተወለደም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው የታወቀው። ዓማር የሚባል የባባ ቃሲም ወዳጅ፣ እሱም እንደ ባባ ቃሲም የከሰረ ዕቃ የሚያሳድድ ሰብሳቢ፣ በየካቲት ከባሕሬን ሊመጣ ቀጠሮ ያዘ። ባባ ቃሲም ነጩን ዕቃ ከነማደሪያው ሊያሳየው ካርቶኑን ፈለገ። አጣው።

ያን ጊዜ ነው የሰብሳቢዎችን ነገር የተማርኩት። ያሸነፈው ዕቃ በየሰው ቤት ሞልቷል፤ የከሰረውን የገዛው ግን ጥቂት ስለሆነ ያ ጥቂት ይፈለጋል። ዕቃውን ደግሞ ሁሉም ያስቀምጠዋል፤ ካርቶኑን ሁሉም ይጥለዋል። ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ ብርቅ የሚሆነው ካርቶኑ ነው። ይሄኛው ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር። ዕቃውን ለባባ ቃሲም በልጅነቱ የገዛለት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወንድምየው ዛሬ በሕይወት የለም። በካርቶኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል በእጁ «ለቃሲም፣ ካሸነፍከኝ በኋላ አትኩራራ» ብሎ ጽፎበታል። በዓረብኛ። ፈትለወርቅ ያየችው እንደ ጭረት ነው።

አልካደችም። ማንም ሳይጠይቃት ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ «እኔ ነኝ፤ ለእናቴ ብርጭቆ ላክሁበት» አለች። ባባ ቃሲም ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማዳም ያስሚን ግን አላመነቻትም። ባዶ ካርቶን በአውሮፕላን የሚልክ ሰው አለ? የፋሐሂሉ ልጅ ዋጋውን ነግሯት አሳልፋ ሰጥታዋለች፤ እንዲህ ነው የታያት። ሐራሚ፣ ሌባ ብላ ጠራቻት። ስልኳን ተቀበለቻት፤ ኮንትራቷ እስኪያልቅ ከበር እንዳትወጣ አለች፤ ካርቶኑ ካልተገኘ ደግሞ ላመጣት ቢሮ በሌብነት እንደምትከሳት ቁርጡን ነገረቻት። ፈትለወርቅ የቀራት ስድስት ሳምንት ነበር። ሁለት ዓመት የለፋችበትን ስም ሌባ ተብላ ይዛው ልትገባ ነው፤ ዳግምንም ዳግመኛ ላታየው ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ፋሐሂል ሄጄ ነገርኩት። መበየጃውን እንደያዘ ቀረ።

«ሁሉንም ነገር ነገርኳት» አለ። «የካርቶኑን አልነገርኳትም። እሷን እያየሁ ረሳሁት።»

ቤተሰቦቿ ይላኩት አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። በሰው ቢላክ ባዶ ነው ብለው አጣጥፈው ነው የሚጭኑት፤ አንዴ ከታጠፈ ዋጋ የለውም፤ ጽሑፉ ያለበት ክዳን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ለፋሲካ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅበት ያቆየው ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ነበረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተሰጠው። ሕንዳዊውን ለመነና አሁኑኑ ወሰደው። የቤተሰቦቿን አድራሻ ከእኔ ተቀብሎ፣ ለእሷ እንዳልነግራት አስማለኝ። ካርቶኑ ተቀዶ፣ ወይም እሳት ተያይዞበት ቢሆን በባዶ ተስፋ አላቆያትም አለ።

በሕይወቴ አፌን የዘጋሁት እነዚያን አሥር ቀናት ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ከሳሁ። ፈትለወርቅ ግቢውን ስታጥብ ቀስ ብላ ስለ ዳግም ጠየቀችኝ። ኢጃዛ ወጥቷል አልኳት።

«ያለ ጊዜው?»

«ያለ ጊዜው።»

ውኃው በጎማው እየፈሰሰ እግሯ ሥር ተጠራቀመ። ክሱን ፈርቶ የሸሸ መሰላት። ስታስብበት ሦስት ቀን ዋለችና፣ በአራተኛው ቀን ለሀብተማርያም ደውልልኝ፣ ስገባ እንዳለው ይሁን በለው አለችኝ። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሺ አልኳት። ሰው የላከኝን መልእክት ሳላደርስ የቀረሁት ያን አንድ ጊዜ ነው። በየቀኑ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን ምሰሶ ሁሉ በአፌ ጣልኩት።

የቡታጅራውን ዳግም ራሱ ነው የነገረኝ፤ እኔ የጨመርኩበት ጥቂት ነው።

ካርቶኑ ደኅና ነበር። እናትየው የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን አጣጥፈው አስቀምጠውበት፣ ጥልፍ ጨርቅ አልብሰውት፣ ከብፌው ላይ ጉብ ብሏል። የሚያምር ዕቃ ነው ብለው ነው። ሀብተማርያም ግን ከዓረብ አገር ድረስ ለካርቶን የመጣ ሰው ሲያይ ጊዜ ወርቅ የተደበቀበት መስሎት፣ ግድግዳውን በጣቱ እየኳኳ ሲያዳምጥ ዋለ። ዳግም ሁሉንም እንዳለ ነገራቸው፤ ስሟን፣ ክሱን፣ የወንድምየውን ጽሑፍ።

«ለዚህ ብቻ ነው የመጣኸው?» አሉት እናትየው።

«ለካርቶኑ ነው የመጣሁት» አለ። ከዚያ ሦስት ወር በሙሉ ያልወጣው ነገር ወጣ። «ልጅዎን ግን እወዳታለሁ። እሷን ገና አልጠየቅኳትም።»

«ለእሷ ያልነገርከውን ለእኔ ትነግራለህ?»

«እሷ ፊት አንደበቴ አይታዘዝልኝም፣ እማማ።»

ሴትየዋ ወደ መሬት አይተው ሳቁ። ልጅቷ ሳቋን ከማን እንዳመጣችው ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ የዚያ ሰውዬ መኪና የት ደረሰ አሉት። ሀብተማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። መርከብ ላይ ነው አለ።

በነጋታው ሊነሳ ሲል ግን ካርቶኑን አልሰጡትም። ጎረቤት በሳህን የላከልህን ሳህኑን ባዶውን መመለስ እሳቸው ቤት ነውር ነው። ጓዳ ገብተው ቆዩ፤ ሲወጡ ካርቶኑ ተዘግቶ በነጭ ክር ታስሯል። የምትከፍተው ልጄ ናት አሉት፤ መልእክትም ነገሩት።

ከአዲስ አበባ ኩዌት ድረስ ካርቶኑን ጭኑ ላይ ይዞ ነው የበረረው፤ ላይ አስቀምጠው ብለው አስተናጋጆቹ ለመኑት፣ ካፒቴኑ ሳይቀር መጥቶ ለመነው። ካፒቴኑ እንኳ አልመጣም። ግን ያንን ካርቶን እንደዚያ ታቅፎ ከመድረሻው በር ሲወጣ ሳየው፣ ያቺን ልጅ ኋላ ወንበሬ ላይ ያየኋት መሰለኝ።

ሐሙስ ነበር፤ ዓማር ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሙባረክ አል-ከቢር ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ባባ ቃሲም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ካርቶኑን ተቀበለ። ፈትለወርቅም ተጠርታ መጣች። ዳግምን ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ ክሩን እንድትፈታ ሲነገራት እንኳ ዓይኗ ከእሱ አልተነሳም።

ክዳኑ ሲከፈት ባባ ቃሲም መጀመሪያ የነካው ጽሑፉን ነው። ጣቱ በፊደሉ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፤ መልሶ ሄደ። ማዳም ያስሚን እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ይህን በታሪክ መዝግቡልኝ።

ከውስጥ ጋቢ ወጣ። አዲስ፣ እናትየው ራሳቸው የፈተሉት፣ ገና የጥጥ ሽታው ያልለቀቀው። ፈትለወርቅ ዘረጋችው፤ ረዘመባት። የወንድ ጋቢ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

ዳግም መልእክቱን አደረሰ። «እማማ እንዲህ በላት ብለዋል፦ ዕቃ ባዶውን አልመልስም። ጋቢው ላመጣው ሰው ነው፤ አንቺ ከፈቀድሽ። ካልፈቀድሽ ስትመጪ ለወንድምሽ ይዘሽለት ነይ።»

ጋቢው እጆቿ ላይ ቀረ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ሸሸ ብዬ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ።»

«ጠብቂኝ ማለት አልፈለግኩም» አለ። «አንቺ ጥበቃ ሰልችቶሻል። መጥቼ፣ ፊትሽ ቆሜ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ይኸው ቆሜያለሁ።»

ዓረብኛ ብቻ የሚያውቁት ሁለቱ ሳይቀሩ ሁሉ ነገር ገብቷቸዋል። ፈትለወርቅ ወደ መሬት አየች። ከዚያ ያስቀመጠችውን ሳቅ አነሳች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለችለት፤ ጫፉን በእጇ አስተካከለችለት፣ ለረጅም ጊዜ ስታስበው እንደኖረች ሁሉ።

ማዳም ያስሚን ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ መለሰችላት። «ማብሩክ» ብላ በዝግታ መረቀቻት፤ ቀጥላም ሌላ አንድ ቃል አለች፣ ከማዳም አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ የሆነ፤ ይቅርታ የሚለውን።

ዳግም ከኪሱ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አወጣ። አሁን ልቀይርለት አለ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በመጀመሪያው ሐሙስም መቀየር ይችል እንደነበር አንገቱን ደፍቶ ለባባ ቃሲም ተናዘዘ። እኔ ደነገጥኩ፤ ዘዴው ሁሉ የእኔ መስሎኝ!

ባባ ቃሲም ወደ እኔ ዞረ። «ያ ጫኔ፣ ሃያ ዓመት ይህን ዕቃ የሰበሰበ ሰው ባትሪ መቀየር የማይችል መሰለህ?» አለኝ። «ልጅቷ ባሕሩን ታይ ብዬ ነው።»

ስለዚህ ብልሃቱ የሦስት ሰው ነው። ትልቁ ድርሻ ግን የእኔ ነው፤ ቤንዚኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ባትሪው ተቀየረ። ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ ቀኑን ጠየቀ፤ ፈትለወርቅም ጋቢ ከለበሰው ሰው አጠገብ ተቀምጣ አስገባችለት፦ ስድስት፣ አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።

ከፋሲካ በኋላ ቡታጅራ ተሠረገ። እኔ ባልገኝም ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። አሁን እዚያው አንድ የጥገና ሱቅ አላቸው፤ እሱ ይፈታል፣ እሷ ቪስ ትይዛለች። ገልባጩ መኪና ደግሞ ባለፈው ሰኔ ደረሰ አሉ። በጣም ጥሩ መኪና ነው።

ባባ ቃሲም ቀኑን ወደ እነሱ አቆጣጠር አልመለሰውም። ይሁንና ማሽኑ የእኛ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸውን ስለማያውቅ በየጥቂት ጊዜው ይስታል። ያኔ ባባ ቃሲም ይጠራኝና፣ ዛሬ በእናንተ ስንት ነው ይለኛል። ስንት እንደሆነ እኔ በደንብ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ቢሆንም ስልኬን አወጣለሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ቡታጅራ እደውላለሁ።